ለቆዩ አውቶሞቢሎች የሚስማማውን ካንዴላ ስለ መምረጥ

ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ማብራሪያ

ከመለዋወጫ ዕቃዎች መካከል እንደ ካንዴላ በመጠኑ ያነሰ፣ ሆኖም እንደ እርሱ ዘወትር የሚሸጥ ዕቃ ጥቂት ነው። ከመደርደሪያ ተነሥቶ በደንበኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሻጭና ገዢም ብዙውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ዋጋው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ዕቃ ያለ ቦታው በገባ ጊዜ የሚያደርሰው ጥፋት ከራሱ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የቴስታታን ጥርስ ሊያበላሽ፣ ፒስቶንን ሊበሳ፣ ከዚያም አልፎ ሞተሩን ከሥራ ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ጥፋቱ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ባለመኪናው የሚያስታውሰው ካንዴላውን የሠራውን ፋብሪካ ሳይሆን የሸጠለትን ሱቅ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው።

በአገራችን መንገዶች ላይ ካርቡራተር ያላቸው የቆዩ አውቶሞቢሎች ዛሬም ሲያገለግሉ ይታያሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። መኪናው በቆየ መጠን ግን የመመሪያ መጽሐፉ ይጠፋል፤ ባለቤቱም አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይለወጣል፤ ትክክለኛውን የካንዴላ ቍጥር የሚያውቀው ሰው ቍጥርም እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ይህን ዕውቀት በመደርደሪያው አጠገብ ጠብቆ ማቆየት የባለሱቁ ድርሻ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የምንወስዳቸው ሕዝቡ በሚገባ የሚያውቃቸውን ሁለት መኪናዎች ነው። አንደኛው በልማድ «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራው የጥንቱ ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠርቶ የመጨረሻው በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ሁለተኛው ላዳ ነው፤ ይኸውም የጣልያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶልያቲ ከተማ የተሠራው፣ በአዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ በታክሲነት ያገለገለው ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ስላልሆነ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ የቤንዚን ሞተርን ብቻ የሚመለከት ነው።

የካንዴላ ሥራ ምንድን ነው?

ካንዴላ በቃጠሎው ክፍል ውስጥ የታመቀውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የሚያቀጣጥል መሣሪያ ነው። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ 12 ቮልት፣ በጥንቶቹ ቮልሶችም 6 ቮልት ብቻ ነው። ይህ አነስተኛ ኀይል በኮይሉ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ብዙ ሺሕ ቮልት ከፍ ይላል፤ በዲስትሪቢዩተሩም አማካይነት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በተራው ይታደላል። ከዚያ በካንዴላው መካከለኛ ኤሌክትሮድ ወርዶ በጎን ወዳለው ኤሌክትሮድ ሲዘል ፍንጣሪው ይታያል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 25 ጊዜ ይፈነጥቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከላይ የውጭውን አየር፣ ከታች የቃጠሎውን ነበልባል ተቋቁሞ ነው።

የፈጠራው ታሪክ ረጅም ነው። ኤትየን ሌኗር በ1860 እ.ኤ.አ. በሠራው የጋዝ ሞተር ላይ የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ይጠቀም ነበር። ይሁንና ካንዴላ ለአውቶሞቢል በእውነት የታመነ መሣሪያ የሆነው በ1902 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት ከተማ የቦሽ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላው ጋር አዋሕዶ ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የነጩ ሸክላና የብረቶቹ ጥራት እጅግ ተሻሻለ እንጂ የሥራው መሠረት አልተለወጠም።

ሻጩ ሊያውቃቸው የሚገቡ መመዘኛዎች

አንድ ካንዴላ ለአንድ ሞተር ይስማማ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች መመርመር ያስፈልጋል።

1ኛ፤ የጥርሱ ውፍረት። ቴስታታው ላይ የሚጠመዘዘው ክፍል ውፍረት በአብዛኞቹ መኪናዎች 14 ሚሊሜትር ነው። በአንዳንድ ጥንታውያን መኪናዎች ላይ 18 ሚሊሜትር ይገኛል፤ በሞተር ብስክሌቶችና በአዳዲስ መኪናዎች ላይም 10 እና 12 ሚሊሜትር አለ። ውፍረቱ የተሳሳተ ካንዴላ ከቀዳዳው ስለማይገባ፣ በዚህ በኩል የሚደርሰው ስሕተት ወዲያውኑ ይታወቃል።

2ኛ፤ የጥርሱ ርዝመት። ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ስሕተት በዚህ ላይ የሚፈጸመው ስለ ሆነ ከዚህ በታች ለብቻው እንመለስበታለን።

3ኛ፤ መቀመጫው። አንዳንዱ ካንዴላ የማሸጊያ ቀለበት ኖሮት በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ያለ ቀለበት በሾጣጣ መቀመጫ ላይ ያርፋል። ቮልስም ላዳም ቀለበት ያለውን የሚጠቀሙ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት የታመቀው ድብልቅ እንዲያመልጥ ያደርጋል።

4ኛ፤ የሙቀት ደረጃው። ይኸውም ካንዴላው ከቃጠሎው የተቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ነው።

5ኛ፤ የፍንጣሪው ክፍተት። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ርቀት ለቮልስ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ ነጥቦች በቦታቸው ላሉት ላዳ ደግሞ ከ0.5 እስከ 0.6፤ እሳቱ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለሚሰጠው ላዳም ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አዲስ ካንዴላ ከፋብሪካ የሚመጣበት ክፍተት ለሁሉም መኪና ስለማይሆን፣ «አዲስ ነውና መለካት አያስፈልገውም» ማለት አይገባም።

ስድስት ሚሊሜትር የሚያመጣው ጣጣ

አሁን ወደ ጥርሱ ርዝመት እንመለስ። የቮልስ ካንዴላ ጥርስ ርዝመት 12.7 ሚሊሜትር ሲሆን የላዳው 19 ሚሊሜትር ነው። ውፍረታቸው ግን እኩል 14 ሚሊሜትር ነው፤ የጥርሳቸውም አወራረድ አንድ ነው፤ የሚፈታቸውም ቁልፍ አንድ ነው። በዚህም ምክንያት የላዳው ካንዴላ ወደ ቮልስ ቴስታታ፣ የቮልሱም ወደ ላዳ ቴስታታ ያለ አንዳች ችግር ይጠመዘዛል። እጅ ምንም ዓይነት ተቃውሞ አይሰማውም፤ ሞተሩም ብዙውን ጊዜ ይነሣል። አደጋው የተሰወረውም በዚህ ነው።

ረጅሙ ካንዴላ በአጭሩ ቀዳዳ በገባ ጊዜ ወደ ቃጠሎው ክፍል 6.3 ሚሊሜትር ያህል አልፎ ይወጣል። ፒስቶኑ ወይም ቫልቩ ሊመታው ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ ራቁቱን የቀረው ጥርስ በነበልባሉ መካከል ስለሚግል ድብልቁን ከጊዜው በፊት ያቀጣጥለዋል፤ በዚህ ዓይነት የሚደርሰው ሙቀት ፒስቶንን እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ጥላሸት በተራቆተው ጥርስ ላይ ይጋገራል፤ መካኒኩ ካንዴላውን ሊፈታ በሞከረ ጊዜ የጋገረው ጥላሸት የቴስታታውን ጥርስ እየላጨ ይወጣል። የሁለቱም መኪናዎች ቴስታታ ከአሉሚኒየም ቅልቅል የተሠራ በመሆኑ ከብረት ጋር ሲታገል ተሸናፊው ዘወትር እርሱ ነው።

አጭሩ ካንዴላ በረጅሙ ቀዳዳ በገባ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ዝግ ያለ ቢሆንም የማይቀር ነው። ፍንጣሪው በቀዳዳው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀር ድብልቁ በደንብ አይቀጣጠልም፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ቤንዚንም ይፈጃል። ባዶ የቀረውን የቴስታታ ጥርስ ጥላሸት ይሞላዋል። ከወራት በኋላ ሌላ መካኒክ ትክክለኛውን ረጅም ካንዴላ ሊያስገባ ሲሞክር ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆምበታል፤ በጉልበት ከገፋውም ጥርሱን ያበላሸዋል። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛ መስሎ የሚታየው ትክክለኛውን ዕቃ የሸጠው ሁለተኛው ባለሱቅ ነው።

ስለዚህ ደንበኛው የቆየውን ካንዴላ ይዞ ሲመጣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ርዝመቱን ማስተያየት ለባለሱቁ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አሮጌው ራሱ በስሕተት የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ማስተያየቱ የመኪናውን ዓይነት ከመጠየቅና ከካታሎጉ ከመመልከት ጋር መጣመር አለበት። አሮጌው ከካታሎጉ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ከመሸጥ በፊት መካኒኩ የቀዳዳውን ጥልቀት እንዲለካ መምከር ይገባል። የአንዳንድ ቮልሶች ቴስታታ በኋላ ዘመን በተሠራ ሌላ ቴስታታ የተተካ ስለሚሆን ረጅሙን ካንዴላ የሚቀበልም አለና።

ሙቅና ቀዝቃዛ ካንዴላ ማለት ምን ማለት ነው?

በገበያ ላይ «ሙቅ ካንዴላ» ሲባል ብርቱ እሳት የሚሰጥ የሚመስላቸው ደንበኞች ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ መባሉ የሚያመለክተው ካንዴላው ሙቀትን የሚያስወጣበትን ሁኔታ እንጂ የፍንጣሪውን ብርታት አይደለም።

ከመካከለኛው ኤሌክትሮድ ዙሪያ ያለው ነጭ ሸክላ ወደ ውስጥ ረዝሞ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው ለመድረስ ሩቅ መንገድ መጓዝ አለበት፤ መንገድ የረዘመበት መልእክተኛ እንደሚዘገይ ሁሉ ሙቀቱም ይዘገያል፤ የካንዴላው ጫፍም እንደ ጋለ ይቆያል። ይህ «ሙቅ» ይባላል። ሸክላው አጭር ሲሆን ሙቀቱ ፈጥኖ ይወጣል፤ ጫፉም ይቀዘቅዛል። ይህ ደግሞ «ቀዝቃዛ» ይባላል። ብዙ ሙቀት ለማያወጣ፣ በቀስታ ለሚሠራ ሞተር ሙቁ፤ ብዙ ሙቀት ለሚያወጣ፣ በብርቱ ለሚሠራ ሞተር ቀዝቃዛው ይስማማል።

የዚህ ሁሉ ዓላማ የካንዴላው ጫፍ በተወሰነ የሙቀት ወሰን ውስጥ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ጫፉ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የሚያርፍበትን ጥላሸት ራሱ አቃጥሎ ሊያጸዳ አይችልም፤ ጥላሸቱም ኤሌክትሪኩን በሸክላው ላይ አሳልፎ ፍንጣሪውን ያጠፋዋል። ከ850 ዲግሪ እጅግ ካለፈ ደግሞ እንደ ፍም ግሎ ድብልቁን ፍንጣሪው ሳይደርስ ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ የሆነ ካንዴላ መኪናውን ያስነጥሰዋል፤ ከሚገባው በላይ ሙቅ የሆነው ግን ሞተሩን ያጠፋዋል። በሁለት ደረጃዎች መካከል ጥርጣሬ በተፈጠረ ጊዜ ወደ ቀዝቃዛው ማዘንበል የተሻለ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። የቆሸሸ ካንዴላ ይጠረጋል፤ የተበሳ ፒስቶን ግን አይጠረግም።

ቍጥሮቹ እርስ በርሳቸው ስለ መቃረናቸው

ለአስመጪዎች በተለይ ልናሳስብ የምንወደው የሙቀት ቍጥር በሁሉም ፋብሪካዎች ዘንድ በአንድ አቅጣጫ የማይቈጠር መሆኑን ነው። በጃፓኖቹ በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ቍጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። በጀርመኑ ቦሽና በአሜሪካው ቻምፒዮን ግን ቍጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቅ ይሆናል። የሩሲያው ቍጥር እንደ ጃፓኖቹ ነው።

የቦሽ ጉዳይ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ኩባንያ ቀድሞ 145፣ 175፣ 225 እያለ በትላልቅ ቍጥሮች ሲጽፍ፣ ቍጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይቀዘቅዝ ነበር፤ ወደ አዲሱ አጻጻፍ በተዛወረ ጊዜ አቅጣጫውን ገለበጠው። በጥንቱ የቮልስ መጽሐፍ ላይ «ደብልዩ 145 ቲ 1» ተብሎ የሚነበበው ዛሬ 8 ቍጥር ሲሆን፣ ከእርሱ ይቀዘቅዝ የነበረው «ደብልዩ 175 ቲ 1» ዛሬ 7 ቍጥር ሆኗል። ስለዚህ የጥንቱን መጽሐፍ ይዞ የዛሬውን ካታሎግ የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ መሳሳቱ አይቀርም።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ባለላዳው የሚጠቀመው ኤን ጂ ኬ 6 ቍጥር ነው እንበል፤ መኪናው ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ፈለገ። ትክክለኛው 7 ቍጥር ነው። ከ6 ቍጥሩ ጋር የሚስተካከለው የቦሽ ካንዴላ 7 ቍጥር በመሆኑ፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ለማግኘት ወደ 6 መውረድ ይገባል። በልማድ «አንድ ቍጥር ጨምር» ብሎ 8 ቍጥርን ያዘዘ ጸሐፊ ግን ከተፈለገው በሁለት ደረጃ የሞቀ ዕቃ ያስመጣል። አንድ ሣጥን ሙሉ ዕቃ በዚህ ዓይነት ከመጣ በኋላ የሚታወቀው ደንበኞች ሲያማርሩ ነው።

ፊደሎቹም እንደ ቍጥሮቹ ትልቅ ትርጕም አላቸው። በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ የመጀመሪያው «ቢ» 14 ሚሊሜትር ውፍረትን ያመለክታል፤ ከቍጥሩ በኋላ የሚመጣው «ኤች» ርዝመቱ 12.7፣ «ኢ» ግን 19 ሚሊሜትር መሆኑን ይናገራል። «ፒ» ጫፉ ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ «አር» ደግሞ የሬዲዮን ጩኸት የሚከለክል ተቃዋሚ በውስጡ ያለው ማለት ነው። በቦሽ አጻጻፍ «ደብልዩ» 14 ሚሊሜትር ሲሆን ከቍጥሩ በኋላ «ኤ» ካለ 12.7፣ «ዲ» ካለ ጫፉ ወጣ ያለ 19 ሚሊሜትር ነው። በቻምፒዮን «ኤል» 12.7፣ «ኤን» 19 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ «ቢ 6 ኤች ኤስ» እና «ቢ 6 ኢ ኤስ»፣ ወይም «ደብልዩ 7 ኤ ሲ» እና «ደብልዩ 7 ዲ ሲ» በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ ያቺ አንዲት ፊደል ግን ከላይ የነገርነውን የ6.3 ሚሊሜትር ጣጣ የተሸከመች ናት።

በዚህ መሠረት ካርቡራተር ላላቸው ከ1200 እስከ 1600 ላሉት ቮልሶች የታወቀው ካንዴላ የቦሽ «ደብልዩ 8 ኤ ሲ» ነው፤ ከኤን ጂ ኬ በደረጃው የሚስተካከለው «ቢ 5 ኤች ኤስ» ሲሆን፣ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነው «ቢ 6 ኤች ኤስ» ደግሞ ለዚሁ መኪና በሰፊው ይሸጣል። ለላዳ ፋብሪካው የመደበው የሩሲያው «አ 17 ዴ ቬ» ነው። ከእርሱ ጋር የሚስተካከሉት የኤን ጂ ኬ «ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ»፣ የቦሽ «ደብልዩ 7 ዲ ሲ» እና የቻምፒዮን «ኤን 9 ዋይ ሲ» ናቸው።

የአገራችን ከፍታና ቆላ

በየመጻሕፍቱ የተጻፈው ምክር በአብዛኛው ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ላላሉ አገሮች የተሰናዳ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው መጠን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል። በአጭር በአጭር መንገድ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጥላሸቱ ይብስበታል።

በዚህ ጊዜ ለባለሱቁ ቀላል መስሎ የሚታየው ሙቅ ካንዴላ መሸጥ ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ መሆኑን፣ በጧት የሚሳበው የአየር መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ የካርቡራተሩም የቤንዚን ማሳለፊያ ለከፍታው የተስተካከለ መሆኑን ማስመርመር ይገባል። በሽታው ከድብልቁ ከሆነ መድኃኒቱም እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥላሸቱ ያልቀረ እንደ ሆነና መኪናውም ከከተማ የማይወጣ ከሆነ አንድ ደረጃ ሙቅ መሞከር ይቻል ይሆናል።

ደንበኛው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ከሆነ ግን ከመጽሐፉ ደረጃ መራቅ የለበትም። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች የሚገኝ ሞቃት አገር ነው፤ አየሩ ሲወፍር ድብልቁ ቀድሞ ከነበረበት ይቀጥናል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውም ይበዛል፤ ሞተሩም በሙሉ ኀይሉ ይሠራል። በአዲስ አበባ ደህና የነበረው ሙቅ ካንዴላ በዚህ ሜዳ ላይ ወደ ፍምነት ሊለወጥ ይችላል። ይህ በተለይ ለቮልስ ያሰጋል፤ ምክንያቱም ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ብቻ ነው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርድበት ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። «ለየት ያለ መንገድ ትሄድበታለህ ወይ?» ብሎ ደንበኛን መጠየቅ ዋጋ የማይጠይቅ አገልግሎት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ስለ ውድ ካንዴላዎችና ስለ አስመሳይ ዕቃዎች

ዛሬ በገበያ ላይ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ጫፍ ያላቸው ውድ ካንዴላዎች ይገኛሉ። ዋና ጥቅማቸው ዕድሜ ነው፤ የኒኬል ጫፍ ያለው ተራ ካንዴላ በ20,000 ኪሎሜትር ገደማ የሚለወጥ ሲሆን እነዚህ ብዙ እጥፍ ያገለግላሉ። ነገር ግን ዘይት የሚያቃጥል አሮጌ ሞተር ውዱንም ርካሹንም እኩል ያቆሽሻል። ለቮልስና ለላዳ የመዳብ አንጓና የኒኬል ጫፍ ያለው ተራ ካንዴላ የተሠሩበት ትክክለኛ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ደንበኛን ያለ ምክንያት ወደ ውዱ መግፋት አስፈላጊ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም ለብሶ የሚሸጠው አስመሳይ ዕቃ ነው። በቀላሉ የሚታዩ ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው። በሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም በጣት ሲታሽ የሚለቅ ይሆናል፤ የጎኑ ኤሌክትሮድ ከመካከለኛው ጋር ትክክል አይገጥምም፤ በአንድ ማሸጊያ ያሉት አራቱ ካንዴላዎች ክፍተት የተለያየ ይሆናል፤ የማሸጊያ ቀለበቱም ካንዴላው ሲገለበጥ በቀላሉ ይወድቃል። ዋጋውም ከሌላው እጅግ ዝቅ ያለ ከሆነ መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለው ካንዴላ በላዩ የተጻፈውን የሙቀት ደረጃ ስለማይጠብቅ፣ ቍጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዋስትና አይሆንም።

ከሽያጩ ጋር ሊሰጥ የሚገባው ምክር

ጥሩ ባለሱቅ ዕቃውን ሲሰጥ ሁለት ሦስት ቃል ያክልበታል። ካንዴላ የሚለወጠው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከመፈታቱ በፊት በዙሪያው ያለው አቧራ መጠረግ አለበት፤ አለዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። አዲሱ በመጀመሪያ በእጅ ብቻ መጠመዘዝ አለበት፤ እጅ እምቢ ካለው ጥርሱ ተዛብቷልና መልሶ ማውጣት ይገባል። በእጅ ተጠምዝዞ ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ቀለበት ያለው በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል። ክፍተቱ ሲስተካከል የሚታጠፈው የጎኑ ኤሌክትሮድ ብቻ ነው፤ መካከለኛውን መግፋት ሸክላውን ይሰነጥቃል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላም ስንጥቁ በዐይን ባይታይ እንኳ ባይገባ ይሻላል።

የወጣው አሮጌ ካንዴላ ስለ ሞተሩ ጤና ብዙ ይናገራል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ወይም ካንዴላው መቀዝቀዙን፤ እርጥብና ዘይታማ ጥቁረት የፒስቶኑ ፋሻዎች ወይም የቫልቮቹ መጎዳትን፤ የነጣና የተንጨረጨረ ጫፍ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል። የጥንት መጻሕፍት የጤናማ ካንዴላ ቀለም ቡናማ ነው ቢሉም የተጻፉት እርሳስ ያለበት ቤንዚን በሚሸጥበት ዘመን ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበት ቤንዚን እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለ ቀረ፣ ዛሬ የጤናማ ካንዴላ ቀለም ከቀድሞው የገረጣ ቢሆን ሊያስደነግጥ አይገባም።

ለአስመጪና ለባለሱቅ

በመጨረሻም ከዚህ ሁሉ የሚገኘውን የሥራ መመሪያ ባጭሩ እናስቀምጣለን።

ሀ) በዕቃ ማዘዣ ላይ «የቮልስ ካንዴላ» ወይም «የላዳ ካንዴላ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የፋብሪካው ስም፣ ፊደሎቹና ቍጥሩ አንድም ሳይጎድል መጻፍ አለባቸው፤ ከጎኑም የጥርሱ ርዝመት በሚሊሜትር ቢጠቀስ ስሕተት ቢፈጠር ለክርክር ማስረጃ ይሆናል።

ለ) ዕቃው በደረሰ ጊዜ ከየሣጥኑ ጥቂት አውጥቶ ርዝመቱንና ክፍተቱን መለካት፣ ጽሑፉንም መመርመር ያስፈልጋል። ጉድለት ቢገኝ ለላኪው ወዲያውኑ ማስታወቅ ከወራት በኋላ ከመካሰስ ይሻላል።

ሐ) በሱቅ ውስጥ 12.7 ሚሊሜትሩና 19 ሚሊሜትሩ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይገባም። ካንዴላውም ከማሸጊያው ወጥቶ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሊደባለቅ አይገባም።

መ) የተለያዩ ፋብሪካዎችን ቍጥር የሚያስተያይ ሰንጠረዥ ቅዳሜም ሆነ የገበያ ቀን ተለዋጭ ሠራተኛ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይለጠፍ። ቍጥሩ የትኛው ወደ ሙቀት፣ የትኛው ወደ ቅዝቃዜ እንደሚሄድ በላዩ በጕልሕ ይጻፍበት።

ሠ) ካንዴላ ለአራት ሲሊንደር ሞተር የሚለወጠው አራቱም በአንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ አራት አራቱን አንድ ዓይነት አድርጎ መያዝ ይገባል። ሦስት ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ከሌላ ፋብሪካ እያደረጉ መሸጥ ለጊዜው ዕቃ ያስጨርስ እንደ ሆነ እንጂ ደንበኛን አያቆይም።

የቆየ መኪና ያለው ሰው ጥሩ የሚመክረው ሱቅ ባገኘ ጊዜ ካንዴላ ብቻ ሳይሆን የአየር ማጣሪያውንም፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክፍሎችም፣ ሌላውንም መለዋወጫ የሚገዛው ከዚያው ነው። አራት ካንዴላ ከመሸጡ በፊት የጥርሱን ርዝመት ለመለካት ግማሽ ደቂቃ የወሰደ ባለሱቅ፣ የደንበኛውን ሞተር ከጥፋት፣ የራሱንም ስም ከሐሜት አድኗል።